መኪናም ባጃጅም የማይገባበት ደሴት... እናቴን ይዤ የት ልሂድ?

ሰሚራ ለገሃሬ
ሰላም የድሬ ልጆች፣ ሐረሮችም እንዳላችሁ አውቃለሁ። ምክር ፈልጌ ነው። እናቴ ጡረታ ወጥታለች፣ እድሜዋን የጨረሰችው ፋብሪካ ውስጥ የሽመና ማሽን ላይ ነው፣ ማሽኑ ሲንኳኳ ውሎ ሲንኳኳ የሚያድር ነው፣ አሁን ጆሮዋ ውስጥ ቀንም ሌሊትም ይጮህባታል። ቤታችን ደግሞ መንገድ ዳር ነው። ባጃጁ ከሱብሂ በፊት ይጀምራል፣ ክላክሱ፣ ሞተሩ፣ ማታ ከባድ መኪናው፣ እንቅልፍ የሚባል ነገር የላትም። ለትንሽ ቀን እንኳን ከዚህ ላውጣት ብዬ ወስኛለሁ። የምፈልገው መኪና፣ ባጃጅ፣ ሞተር ሳይክል ጭራሽ የማይደርስበት ቦታ ነው፣ ሳስበው ሳስበው ደሴት ካልሆነ የትም አላገኝም አልኩ። ሪዞርት አልፈልግም፣ ዲጄ ያለበት ቦታ አልፈልግም። ጉልበቷን ያማታል ዳገት አትችልም። ሙስሊም ነን፣ የሀገራችን ደሴት ብዙው ገዳም ነው ሲባል እሰማለሁ፣ እሱም ትንሽ አሳስቦኛል። ከድሬ ተነስቶ የሚደረስበት ቦታ የሚያውቅ ካለ በአላህ ይንገረኝ።

አቦ ድሬ
አቦ ሰሚራ ደሴት ምን ያደርግልሻል፣ ሐረር ውጪና ጀጎል ግቢ። 55 ኪሎ ሜትር ነው፣ የደንገጎን ዳገት ከወጣሽ አየሩ ራሱ ያሳርፋታል። ጀጎል ውስጥ አብዛኛው መንገድ ጠባብ ነው፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያሳልፍም አለ፣ መኪና ከየት ይመጣል? ዘመድ ካላችሁ ዘመድ ቤት፣ ከሌላችሁ ለእንግዳ የሚያከራዩ የሐረሪ (ጌይ) ባህላዊ ቤቶች አሉ።

የጀጎል ልጅ
አቦ ድሬ ሐሳብህ ደስ ይላል፣ ጀጎል ተወልጄ ጀጎል ያደግኩ ሰው ነኝና ግን እውነቱን ልናገር። ጠባቡ መንገድ ውስጥ ከሰአት ላይ ፀጥታ አለ፣ እሱ ልክ ነው፣ የግቢው ግንብ ወፍራም ስለሆነ ውስጥ ስትቀመጪ የውጪው ድምፅ አይገባም። ግን ፈረስ መጋላ አደባባይ ድረስ መኪናው ይመጣል፣ ባጃጁ ከበሮቹ ዙሪያ አይጠፋም፣ ቤትሽ ወደ ዋናው መንገድ ከቀረበ እዛው ድሬ ነሽ። እናትሽ እንግዳ የሚበዛበት ቤት ከገባች ደግሞ ጨዋታው ራሱ አያስተኛትም፣ የሐረርን ሰው ታውቂዋለሽ ቡናው ጀበናው አያልቅም።

የጀጎል አይነት ከተማ ደሴት ላይ ማየት ለሚፈልግ ግን ላሙ አለ፣ ኬንያ ውስጥ፣ ህንድ ውቅያኖስ ላይ። የላሙ አሮጌ ከተማ ዩኔስኮ ላይ የተመዘገበው እኤአ 2001 ነው፣ የኛ ጀጎል 2006። ከኮራል ድንጋይ የተሰራ ቤት፣ የተቀረፀ በር፣ ጠባብ መንገድ፣ አዛኑ፣ ሁሉ ነገር የሚያውቁት ሰፈር ነው የሚመስለው። ሸክሙን የሚሸከመው አህያ ነው፣ አህዮቹን በነፃ የሚያክም ክሊኒክ ሁሉ አላቸው። አውሮፕላኑ የሚያርፈው ማንዳ የሚባለው ጎረቤት ደሴት ላይ ነው፣ ከዛ በጀልባ ትሻገሪያለሽ። በቅርብ አመታት ሞተር ሳይክል እየገባባት ነው እንጂ ለኔ ከአለም አንደኛ ነች። ግን ከድሬ አዲስ አበባ፣ ከአዲስ ናይሮቢ፣ ከናይሮቢ ላሙ... ጉልበታቸውን ለሚያማቸው እናት ይሄ ሁሉ መንገድ አይሆንም። ለራስሽ ያዢው።

የጅቡቲ መስመር
እኔ ከባድ መኪና ነው የምነዳው፣ ድሬ ደወሌ ጅቡቲ፣ ስራዬ ሞተር ነው እና ፀጥታ ማለት ምን እንደሆነ በደንብ ይገባኛል። ሰሚራ ለድሬ ሰው ቅርብ ከሆኑት ባህር ላይ ካሉ ደሴቶች አንዱ ሙሻ ነው። ታጁራ ባህረ ሰላጤ ላይ፣ ከጅቡቲ ከተማ ፊት ለፊት፣ አጠገቡ ማስካሊ የምትባል ሌላ ደሴት አለች። መኪና የለም፣ መንገድም የለም፣ ኮራል ድንጋይና አሸዋ ነው፣ በአንድ በኩል ማንግሮቭ የሚሉት ባህር ውስጥ የሚበቅለው ዛፍ አለ፣ ስሩ ከውሃው በላይ ቆሞ ታያለሽ፣ ውሃው ሲሸሽ ጭቃው ላይ ትንንሽ ሸርጣኖች ይርመሰመሳሉ፣ በቃ ከሱ ሌላ የሚንቀሳቀስ ነገር የለም። እንግሊዞች እኤአ በ1840 ከታጁራው ሱልጣን ወስደውት ነበር፣ በ1887 ለፈረንሳይ ለቀቁት፣ ትንሽ ቦታ ናት ግን በመርከብ መግቢያ ላይ ስለሆነች ሁሉም ይፈልጋት ነበር።

አካሄዱ በባቡር ነው፣ አዲሱ ባቡር ለሰው አገልግሎት ከጀመረ በኛ አቆጣጠር ከ2010 ወዲህ ከድሬ ናጋድ፣ የጅቡቲው ጣቢያ ድረስ ይወስድሻል። የድሮው ለገሃር አይደለም ጣቢያው ከከተማ ወጣ ያለ ነው፣ የሚነሳበትን ቀንና ሰአት ቀድመሽ ጠይቂ። ፓስፖርትና ቪዛ ያስፈልጋል፣ ቪዛው በኢንተርኔት ይሞላል። ከጅቡቲ በጀልባ ትሻገሪያለሽ። ሁለት ነገር ልብ በይ። አንደኛ የጅቡቲ እረፍት ቀን አርብና ቅዳሜ ነው፣ በነዚህ ቀኖች ከተማው በሙሉ ወደ ደሴቱ ይወጣል፣ ፀጥታ ከፈለግሽ ሰኞ ማክሰኞ ሂጂ። ሁለተኛ ከግንቦት እስከ መስከረም እንዳትሞክሪው፣ የድሬን ሙቀት እንችላለን ብለሽ እንዳትሄጂ፣ ሐምሌ ላይ እዛ ከ40 በላይ ነው፣ ከጥላ የሚወጣ ሰው የለም፣ ደሴቱ ላይ ደግሞ ጥላው ራሱ የለም። ከህዳር እስከ የካቲት ጥሩ ነው። የሚጠጣ ውሃ ከከተማ ይዘሽ ነው የምትሄጂው።

ማሜ ሳቢያን
ሙሻ ምርጥ ነው!! ጀለሶች በቡድን ብንሄድ ጀልባው ይረክሳል፣ 10 ሰው ከሆንን ለሁላችንም ይበቃል፣ ስፒከር እኔ እይዛለሁ፣ ሥጋ እዛው እንጠብሳለን። በህዳርና በታህሳስ ደግሞ በዛ ባህረ ሰላጤ ውስጥ ዌል ሻርክ የሚባለው ግዙፍ አሳ ይመጣል፣ ወደ አርታ በኩል፣ ከጎኑ መዋኘት ይቻላል ሰው አይነካም። ማን ይመጣል?

የጅቡቲ መስመር
ማሜ ዌል ሻርኩ እውነት ነው፣ ግን ልጅቷ የጠየቀችው እኮ እናቷን የምታሳርፍበት ነው። ለስፒከሩ ሌላ ክር ክፈት ወንድሜ፣ እዛ እኔም እመጣለሁ። ስፒከሩን ግን ወደ ሙሻ አታምጣው፣ ወላሂ ከልቤ ነው፣ ድምፅ በውሃ ላይ ምን ያህል እንደሚሄድ አታውቅም፣ ከአንዱ ጫፍ የለቀቅከው ሌላው ጫፍ ላይ ይሰማል፣ ያንን ቦታ ከሌላው የሚለየው ሞተር አለመኖሩ ብቻ ነው እሱን ከወሰድክበት ድንጋይና ፀሐይ ነው የሚቀረው።

ሲስተር ከከዚራ
ሰሚራ እህቴ እኔ ነርስ ነኝ፣ ስለ ጆሮው ልንገርሽ ምክንያቱም ይሄ የቦታ ምርጫሽን ይለውጠዋል። ከብዙ አመት የማሽን ጩኸት በኋላ የሚመጣ የጆሮ ውስጥ ጩኸት አለ፣ ቲናይተስ ይሉታል። በውስጠኛው ጆሮ ያሉት ድምፅ የሚቀበሉ ጥቃቅን ፀጉር መሰል ህዋሶች በጩኸት ብዛት ይሞታሉ፣ አንዴ ከሞቱ አይተኩም፣ አንጎል የጎደለውን ድምፅ ለመሙላት ይመስላል የራሱን ድምፅ ይፈጥራል። ታዲያ ሰው ሁሉ የሚሳሳተው ምን ላይ መሰለሽ፣ ፍፁም ፀጥታ ውስጥ ሲገቡ ጩኸቱ ይብስባቸዋል። ሌላ የሚሰሙት ነገር ስለሌለ እሱን ብቻ ነው የሚሰሙት። ለዛ ነው ሌሊት የሚብሰው።

ስለዚህ ለእናትሽ የምትፈልጊው ዝም ያለ ቦታ አይደለም፣ ሞተር የሌለበት ግን ለስለስ ያለ የማይቋረጥ ድምፅ ያለበት ቦታ ነው። የውሃ ድምፅ፣ ዛፍ ውስጥ ያለ ነፋስ፣ ወፍ። ከውሃ ዳር ያለ ክፍል ያዢላቸው፣ መስኮቱን በጣም አትዝጊባቸው። ደንገጥ የሚያደርግ ድምፅ፣ ክላክስ አይነቱ፣ እሱ ነው የሚያደክማቸው። ቤትም ሳላችሁ ማታ ሬዲዮ በጣም ዝቅ አድርገሽ ክፈቺላቸው፣ ብዙ ሰው በሱ ይተኛል። በተጨማሪ ጆሮ ሐኪም ጋ የመስማት ምርመራ ይደረግላቸው፣ መስማታቸው ከቀነሰ የመስሚያ መሳሪያው ጩኸቱንም ሊቀንስላቸው ይችላል። ጩኸቱ በአንድ ጆሮ ብቻ ከሆነ ወይ ከልብ ምት ጋር እኩል የሚመታ ከሆነ ግን ጉዞውን አቆይተሽ መጀመሪያ ወደ ሐኪም ነው።

ሰሚራ ለገሃሬ
ሲስተር አላህ ይስጥሽ፣ ይሄን ማንም አልነገረን። ሐኪም ጋ ሄደን ነበር ግን በእድሜ ነው ብሎ ቪታሚን ፅፎ ነው የሸኘን። በሁለቱም ጆሮ ነው የምትለው። እውነትም ቧንቧው ላይ ውሃ ስትከፍት ይቀለኛል ትላለች፣ እኔ ውሃ አታባክኚ እላታለሁ።
ሙሻ ለኔ ልቤ ሄዷል፣ ለሷ ግን ጥላ ከሌለ አይሆንም መሰለኝ። የሀገር ውስጥ የሚያውቅ የለም?

ጣና በለስ
ደቅ ደሴት። ጣና ላይ ካሉት ትልቁ ነው፣ ገበሬዎች ይኖሩበታል፣ ከባህር ዳር በጀልባ ነው። ናርጋ ስላሴ እዛ ነው፣ እቴጌ ምንትዋብ ያሰሩት፣ ሴቶችም ይገቡበታል። አጠገቡ ያለው ዳጋ እስጢፋኖስ ግን ሴት አያስገባም፣ የነ ዐፄ ፋሲለደስ አፅም ያለበት ማለት ነው፣ እናትሽን ይዘሽ እዛ ድረስ ሄዳችሁ በር ላይ እንዳትቆሙ። የትውልድ ሰፈሬ ስለሆነ ሁሉም ሰው ሄዶ ቢያየው ደስ ይለኝ ነበር፣ አሁን ግን ከድሬ ባህር ዳር የሚደረገውን ጉዞ ለታመመ ሰው አልመክርም። ሰላሙን ያውርድልን እና አንድ ቀን እኔ ራሴ አስጎበኛችኋለሁ።

ሐረርጌ በባቱ
ሰሚራ ይሄን ክር ዛሬ ነው ያየሁት። የሐረር ልጅ ነኝ፣ ስራ አግኝቼ ባቱ ነው የምኖረው፣ ዝዋይ ለምትሉት። ሁሉንም አንብቤ እንዴት ማንም ቱሉ ጉዶን አልጠራም አልኩ።

ዝዋይ ሐይቅ ላይ አምስት ደሴቶች አሉ፣ ቱሉ ጉዶ ትልቁ ነው፣ ደብረ ፅዮንም ይሉታል። ሌሎቹ ፀደቻ፣ ፉንዱሮ፣ ገሊላ፣ ደብረ ሲና ናቸው። በሞተር ጀልባ አንድ ሰአት ተኩል አካባቢ ነው፣ እንደ ሞተሩ ጉልበት ይለያያል። መኪና የለም፣ ባጃጅ የለም፣ ሞተር ሳይክል የለም፣ ያለው የእግር መንገድ ነው። የሚኖሩት ዛይ የሚባሉት ህዝቦች ናቸው፣ አሳ አጥማጆች፣ ገበሬዎች፣ ተራራውን በድንጋይ እርከን ከፋፍለው ያርሳሉ፣ ሸማኔም ናቸው። ስለሽመናው ያነሳሁት እናትሽ ትዝ ብለውኝ ነው፣ እዛ ሸማኔ ጉድጓዱ ውስጥ እግሩን ከቶ በእጁ መወርወሪያውን ሲልክ ታያላችሁ፣ እናትሽ በብረት ማሽን የሰሩትን ስራ በእጅ ሲሰራ ማየት ነው፣ እሱ ደግሞ የሚያሰማው ጣ... ጣ... ብቻ ነው፣ ጎን ተቀምጦ ማውራት ይቻላል። ስለ ክሩ ስለ ማጉ የሚጠይቁት አያጡም።

ገዳሙን በተመለከተ፣ የማርያም ፅዮን ገዳም ከተራራው ጫፍ ላይ ነው። በትውፊት ዮዲት ጉዲት አክሱምን ባጠፋችበት ዘመን ካህናቱ ታቦተ ፅዮንን ይዘው መጥተው 70 አመት እዚህ አቆይተውታል ይባላል፣ የቆዩ የብራና መፃህፍትም አሉ። እሱን ማየት የፈለገ ይወጣል፣ ዳገት ነው፣ እናትሽ መውጣት የለባቸውም። መንደሩ ታች ነው፣ ውሃው ዳር። ሙስሊም መሆናችሁ ችግር የለውም፣ የሚመጣ እንግዳ ሁሉ እንግዳ ነው፣ መቼም የድሬ ሰው ጎረቤቱ ቤት ፋሲካም ኢድም እንደሚውል የሚነገረው አይደለም። እንደውም ምግቡ ይቀላችኋል፣ አሳ ነው፣ አሳ የማን እርድ ነው የሚል ነገር የለውም። ቆሮሶውን ከሐይቁ እንዳወጡ ጠብሰው ወይ ለብለብ አድርገው ያቀርቡላችኋል። ለሰላት ቂብላው ከዛ ወደ ሰሜን ነው። ቋንቋም ችግር የለም ኦሮምኛም አማርኛም ይችላሉ።

ለሲስተር ምክር ደግሞ ከዚህ የተሻለ ቦታ አላውቅም። ውሃው ድንጋዩን ሲመታ ቀኑን ሙሉ ይሰማል፣ ጠዋት የአሳ ንስር ይጮሃል፣ ፔሊካን በመንጋ ይወርዳል፣ አባ ኮዳ የሚባለው ወፍ አሳ የሚፀዳበት ቦታ ላይ ቆሞ ይጠብቃል። ክላክስ ግን የለም።

የጀጎል ልጅ
ሐረርጌ በባቱ አንድ ነገር ልጨምርልህ፣ ዛይኛ እኮ ከኛ ከሐረሪ እና ከስልጤ ጋር በአንድ ምድብ ነው የሚቀመጠው። የቋንቋ ተመራማሪዎቹ ከደቡብ ኢትዮ ሴማዊ ውስጥ ሶስቱን አንድ ላይ ነው የሚያደርጓቸው። በግንብ የታጠረ ከተማ ውስጥ ያለ ህዝብና ሐይቅ መሃል ደሴት ላይ ያለ ህዝብ በቋንቋ እንዲህ መቀራረባቸውን ሳስበው ልቤን ይነካዋል። በኢማም አህመድ ዘመን ጦርነት ከየአካባቢው የሸሸ ሰው ደሴቶቹ ላይ እንደተጠለለ ይነገራል፣ በኛ ከተማ የተነሳ ታሪክ እነሱን እዛ ውሃ መሃል ዘመናት አስቀምጧቸው ዛሬ ደግሞ የሐረርጌ እናት ጆሮዋን ልታሳርፍ እነሱ ጋ ትሄዳለች። ሰሚራ ሂጂ። ሐረሪ የሚችል ሰው አብሮሽ ካለ ደግሞ ሽማግሌዎቹ ጋ ቁጭ ብሎ ያዳምጥ።

ሰሚራ ለገሃሬ
እኔ እኮ አሁን ዕንባዬ መጣ። ለእናቴ ስለሸማኔው ስነግራት "እጃቸው ላይ ልየው" አለች፣ ስንት ጊዜ ሆኗታል የት እንሂድ ስላት የትም አልሄድም ስትል የነበረች ሴትዮ።
ጥያቄዎች። አዲስ አበባ ሳልገባ መድረስ ይቻላል? ማደሪያስ ደሴቱ ላይ አለ? ሐይቁ አደጋ አለው?

ሐረርጌ በባቱ
አዲስ አበባ መግባት አያስፈልግም። ከድሬ በአዲስ አበባ ባስ መጥታችሁ ሞጆ ወይ አዳማ ውረዱ፣ ከሞጆ ባቱ የፍጥነት መንገዱ ስላለ ቀላል ነው። በባቡር ከመረጣችሁም አዳማ ይቆማል፣ ለጉልበታቸው ባቡሩ ይሻላል ተነስቶ እግር ማፍታታት ይቻላል። በአንድ ቀን ሁሉንም አትጨርሱ፣ አዳማ ወይ ባቱ አድራችሁ ጠዋት ሐይቁ።

ማደሪያ፣ እኔ ባቱ ላይ አድርጉ ነው የምለው፣ ሐይቁ ዳር ያሉ ከዋናው መንገድ የራቁ ማረፊያዎች አሉ፣ ክፍሉን ከመያዝሽ በፊት ሂጂና ቁጭ ብለሽ አዳምጪ፣ ጄኔሬተሩ የት እንደሆነ፣ ቅዳሜ ሰርግ እንዳለ ጠይቂ። ደሴቱን ቀን ቀን ትሄዱበታላችሁ። ማደር ከፈለጋችሁ ከመንደሩ ሰው ጋር ተነጋግሮ ድንኳን ይዞ መሄድ ይቻላል፣ ለናትሽ ግን መሬት መተኛት አይሆንም።

ሐይቁን በተመለከተ፣ ጠዋት ሂዱ። 1 ሰአት ላይ ውሃው ልስልስ ነው፣ ከሰአት በኋላ ነፋስ ይነሳል ማዕበሉ ጀልባዋን ይመታል፣ ስለዚህ ከመነሳታችሁ በፊት ከባለጀልባው ጋር የመመለሻውን ሰአት ተስማሙ፣ ከምሳ በኋላ ቶሎ። ላይፍ ጃኬት ሳይሰጣችሁ እንዳትሳፈሩ፣ ሐይቁ ጥልቀቱ ብዙ አይደለም፣ ጥልቅ የሚባለው ጋ እንኳን 9 ሜትር አካባቢ ነው፣ ግን ሰፊ ነው፣ ከ400 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ነው፣ መሃሉ ላይ ቀልድ የለም። ጉማሬም አለ፣ ባለጀልባው ይሄ በኩል አንጠጋም ካለ አትከራከሩት።

ሌላው፣ ደሴቱ ላይ ሁሉ ነገር በጀልባ ነው የሚገባው። ስኳሩ፣ ጨው፣ ቆርቆሮው፣ ሲሚንቶው፣ የታመመም ሰው የሚወጣው በጀልባ ነው። እኛ ከሞተር እረፍት እናገኛለን ብለን የምንሄድበት ቦታ ላይ አንዲት ነፍሰ ጡር ሌሊት ምጥ ሲመጣባት ሞተር ነው የሚያስፈልጋት። ይሄን የምለው ቦታውን ለማጣጣል አይደለም፣ የምትገዙትን አሳ፣ ጋቢ፣ የጀልባ ኪራይ ሳትከራከሩ ለመንደሩ ሰው ክፈሉ ለማለት ነው። ያመጣችሁትን የውሃ ጠርሙስና ፌስታል ደግሞ ይዛችሁ ተመለሱ፣ እዛ ቆሻሻ የሚሰበስብ መኪና የለም፣ የጣላችሁት ሐይቁ ውስጥ ነው የሚገባው።

ሲስተር ከከዚራ
እኔም ልጨምር፣ ይሄኛውን በጣም አደራ። ዝዋይ ሐይቅ ቢልሃርዚያ አለበት። ትሉ ዳር ዳሩን ሳር ውስጥ ባለ ቀንድ አውጣ ላይ ይራባል፣ ከዛ ወደ ውሃው ይወጣና በሰው ቆዳ በስቶ ይገባል፣ መዋጥ አያስፈልገውም። ስለዚህ እግር መንከር የለም፣ መዋኘት የለም፣ ውዱእም ከሐይቁ ሳይሆን ይዛችሁ ከምትሄዱት ውሃ ይሁን። ከጀልባ ስትወርዱ ውሃ ውስጥ የሚያስረግጥ ቦታ ከሆነ ባለጀልባው ድንጋዩ ድረስ ያስጠጋ። ሳትፈልጉ ከነካችሁ ከወር ከሁለት ወር በኋላ የሰገራ ምርመራ፣ መድኃኒቱ ቀላል ነው ጤና ጣቢያ ጠይቁ። ወባም አለ። ድሬም በ2014 ያ ከተማ ውስጥ የሚራባው አዲሱ ትንኝ ወባ ሲያዛምትብን አይተናል፣ አጎበር እንዴት እንደሚታሰር ማንም አያስተምረንም፣ ይዛችሁ ሂዱ።

አቦ ድሬ
እኔ ጀጎል ያልኩት ሰው ራሴ ሚስቴን ይዤ ልሄድ ነው በቃ። መቼ ነው ጥሩው ጊዜ?

ሐረርጌ በባቱ
ከጥቅምት መጨረሻ እስከ የካቲት፣ ዝናብ የለም ማታ ደግሞ ትንሽ ይቀዘቅዛል ጋቢ ያዙ። ባቱ ከ1600 ሜትር በላይ ነው ድሬ 1200 አካባቢ ነው፣ ልዩነቱ ማታ ይታወቃችኋል። ህዳር 21 ግን የፅዮን ክብረ በዓል ነው፣ ሰው በብዛት ወደ ገዳሙ ይሻገራል፣ በዓሉን ማየት ለሚፈልግ ትልቅ ቀን ነው ለሰሚራ እናት ግን አይሆንም። የጥምቀትም ሰሞን ጀልባ ይወደዳል። በመሃል በስራ ቀን ኑ።

ማሜ ሳቢያን
እሺ ስፒከሩን ትቻለሁ። ግን ሰሚራ እናትሽን ብቻሽን ይዘሽ አዳማ ድረስ ምናምን እንዳትቸገሪ፣ እኔ በዛ ሰሞን አዳማ እቃ ላመጣ እሄዳለሁ፣ ሻንጣ መሸከም ካለ ከባቡር ጣቢያው ተቀብዬ መኪና አሳፍራችኋለሁ። የምሬን ነው፣ በውስጥ ፃፊልኝ።

ሰሚራ ለገሃሬ
ማሜ አላህ ያክብርልኝ፣ እፅፍልሃለሁ። በቃ ወስነናል፣ ከጥምቀት በኋላ ባለው ሳምንት፣ በባቡር እስከ አዳማ፣ አንድ ሌሊት እዛ፣ ከዛ ባቱ። ሙሻን ለራሴ ለሚቀጥለው ህዳር አስቀምጫለሁ፣ የጅቡቲ መስመር ያኔ አስቸግርሃለሁ።

አንድ የቀረኝ፣ የጀልባው ሞተር ራሱ አንድ ሰአት ተኩል ሊጮህባት ነው፣ ደግሞ መመለሻው አለ። እሱን ምን ላድርግ?

የጅቡቲ መስመር
ሞተሩ ከኋላ ነው የሚታሰረው፣ እናትሽን ከፊት አስቀምጫቸው ጀርባቸውን ለሞተሩ ሰጥተው። ትንሹ ጀልባ ላይ ከሆነ ፊት ፊት ይረጫል ሻሽና ላስቲክ ያዢ። ባለጀልባውን በልኩ ንዳልን በይው፣ ጋዝ ሲሰጠው ነው ጩኸቱ የሚበረታው፣ ቀስ ካለ ግማሽ ሰአት ይጨምርባችኋል እንጂ ድምፁ በጣም ይቀንሳል። ቸኩሎ የሚነዳ ከሆነ ሌላ ተከራዪ።

ሲስተር ከከዚራ
ጥጥ አትጠቀሙ ጥጥ ድምፅ በደንብ አይከላከልም። ፋርማሲ ስፖንጅ የሚመስል የጆሮ መሰኪያ አለ፣ በጣት አሽተሽ አቅጥነሽ ጆሮውን ወደ ላይና ወደ ኋላ ሳብ አድርገሽ ታስገቢዋለሽ፣ እስኪነፋ ድረስ በጣትሽ ያዢው። ቤት ተለማመዱበት። ደሴቱ ላይ ስትወርዱ ግን ወዲያው አውጪላቸው፣ ሙሉ ቀን ከዋለ ጆሮው ይበልጥ ድምፅ የማይችል ይሆናል፣ የውስጡም ጩኸት ጎልቶ ይሰማቸዋል። ለመመለሻው የሚሆን ሌላ ንፁህ ጥንድ ያዢ።